ስለ ራሴ ስንብት ስለ ፈተኑኝ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የማማከር ድርጅቱ ዋና ኃላፊ፤
አሥራ ሁለተኛ ፎቅ፣ የመስታወቱ ክፍል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤና ይስጥልኝ እያልኩ፣ እርስዎም ከነባልደረቦችዎ፣ ከነኮምፒውተሮችዎና ሰው ባለፈ ቁጥር በራሱ ከሚከፈተው በርዎ ጋር ደኅና እንደ ሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በጣም ደኅና ነኝ። እንዲያውም ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ ብቻዬን እየሳቅሁ ስለምሄድ ጎረቤቶቼ ለጤናዬ መስጋት ጀምረዋል፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈውም የሳቄ ምንጭ እርስዎ መሆንዎን ሁሉም እንዲያውቅልዎ ነው።

ማንነቴን ላስታውስዎ። የቧንቧና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት ሁለት ወጣት ባለሙያዎችዎ የሰዓት መቁጠሪያ ይዘው መጥተው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከኋላ ከኋላዬ እየተከተሉ እርምጃዬን ቆጠሩ፤ አንዲት ቃል ግን አልጠየቁኝም። ወር ሳይሞላ ጥናታችሁ ደረሰ፤ ዕቃው ሁሉ በፊደል ተራ እንዲደረደር፣ እኔም እንድሰናበት የሚል ነበር። አለቃዬ ደግ ሰው ናቸው፤ የስንብት ደብዳቤውን ሲሰጡኝ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ሰክተው "ጥናቱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" አሉኝ።

ሥራ ፈትቼ ቤት ስውል የእህቴ ልጅ፣ ያቺ ነገረኛ፣ የእናንተን የሥራ ማስታወቂያ አየች። "አክስቴ፣ እነዚያ ሰዎች ስለ መጋዘን የሚያማክር ይፈልጋሉ፤ እነሱ የማያውቁትን አንቺ ታውቂው የለ?" ብላ በስልኳ አመለከተችልኝ። ለእሷ ቀልድ ነበር፤ እናንተ ግን ጠራችሁኝ። እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ደንቡ እንደሚያዘው፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የመጀመሪያው ፈተና የሥዕል ነበር፤ ሳጥን ሲገለበጥ ምን እንደሚመስል ይጠይቃል። ዕድሜዋን ሳጥን ስትገለብጥ ለኖረች ሴት ይህን መስጠት ዓሣን ዋና መፈተን ስለሆነ፣ ሳልለፋ በማለፌ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

፪. በሁለተኛው ዙር በስልክ ያነጋገሩኝ እመቤት "ትልቁ ድክመትዎ ምንድን ነው?" ቢሉኝ፣ ደረጃ መውጣት ስለሚያቅተኝ "ጉልበቴ ነዋ!" አልኳቸው። እሳቸውም "ድክመቴ... ጉልበቴ... ነው" እያሉ ሲጽፉ ሰማሁ፤ "እንዴት ያለ ጥልቅ አባባል ነው!" ብለውም አሳለፉኝ። ክቡር ሆይ፣ የቀኙ ነው። በብርድ ይብስበታል።

፫. በሦስተኛው ዙር ስድስት አመልካቾች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ከወረቀት ድልድይ እንድንሠራ ታዘዝን። አምስቱ ወጣቶች ማን መሪ ይሁን ሲባባሉ ሰዓቱ አለቀ፤ አንደኛው እንዲያውም ባዶ ብርጭቆውን አቀበለኝና "እናቴ፣ ውሃ ይጨምሩልኝ" አለ። ጨመርኩለት። ፈታኙ ሲያሰናብቱን እንደ ነገሩኝ ከሆነ፣ በቡድን የመሥራት ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘሁት እኔ ነኝ።

አራተኛው ዙር በቁጥር የሚገባ ስላልሆነ እንደ ሆነው ልንገርዎ። እርስዎ ራስዎ ከሁለት ባልደረቦችዎ ጋር በመስታወቱ ክፍል ተቀምጠው፣ ወረቀት ዘርግተው፣ "አንድ መጋዘን አለ እንበል" ብለው ማንበብ ጀመሩ። ስልሳ አራት መደርደሪያ፤ አሥራ አንድ ሠራተኛ፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያፈስ የኋላ በር። ዕቃው በፊደል ተራ ከተደረደረ ወዲህ ደንበኛን አስተናግዶ ለመሸኘት የሚፈጀው ጊዜ እጥፍ ሆኗል፤ ምክንያቱ ምን ይሆን? አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ያን በር በላስቲክ ስወትፍ የኖርኩት እኮ እኔ ነኝ! መጋዘኑ የኔው ነበር። የሥራ ልምዴን የሚናገረው ወረቀት ክንድዎ ሥር ተኝቷል፤ ክንድዎን ቢያነሱ የመጋዘኑ ስም የመጀመሪያው መስመር ላይ ነበር። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ሳል የያዘኝ መስዬ መሐረቤን አፌ ላይ አደረግሁ።

ከዚያ በኋላ የማውቀውን ነገርኩዎት። ቧንቧና መታጠፊያው ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱን የገዛ ሌላውን ሳይዝ አይወጣም፤ ፊደል ያፋታቸውን መልሳችሁ አጋቧቸው አልኩ። እርስዎም ጻፉ። በመጨረሻ "በመጋዘኑ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት ነበረች፤ ተሰናብታለች። ተገቢ ነበር ይላሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

ይህኔ ሳቄ ጠፋ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በአንድ መስመር ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም ነበር። "ለመሆኑ እሷን የጠየቃት አለ?" አልኩ። ወረቀቱን ገለባበጡና "እዚህ ላይ አልተጻፈም" አሉ። "እንግዲያው ከእሷ ይጀምሩ" አልኩዎት። ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

በአሥረኛው ቀን መልስዎ ደረሰኝ። ስለ መጋዘን ሥራ ያለኝ ግንዛቤ ከተጨባጩ እውነታ የራቀ ሆኖ ስለ ተገኘ ሥራውን ሊያገኙ አልቻሉም የሚል ነው፣ በጨዋ ቋንቋ። አልደብቅዎም፤ ተናደድኩ፣ ቀጥሎም አለቀስኩ፣ የእህቴን ልጅም ያለ ጥፋቷ ተቆጣኋት።

ባለፈው ማክሰኞ ግን የቀድሞ አለቃዬ ደወሉ። "እነዚያው አማካሪዎች አዲስ ጥናት አመጡልኝ፤ ሳነበው ያንቺ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል፣ እስኪ ብቅ በይ" አሉኝ። ሄድኩ። ገጽ አሥራ አራት ላይ፣ በአራት ቀለም ካጌጠ ሠንጠረዥ ሥር፣ "በቧንቧና በመታጠፊያ መካከል የጋብቻ ዓይነት ግንኙነት መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል" ይላል። ገጽ ሃያ ሁለት ላይ ደግሞ "የቀድሞዋ ኃላፊ በአስቸኳይ ወደ ሥራዋ ትመለስ" ይላል፤ ከሥሩ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው።

"መቼ ትጀምሪያለሽ?" አሉ አለቃዬ።

"ጥናቱ በአስቸኳይ አይደል የሚለው?" ብዬ እዚያው ጋውኔን ለበስኩ። የዕቃ ማንሻው መኪና፣ የፎርክሊፍቱ፣ ሹፌር ጥሩንባውን እያስጮኸ መጋዘኑን ሁለት ጊዜ ዞረው፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ ሮጥኩ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ሥራዬን ስለ ነጠቁኝ፣ ለሥራው አልበቃሽም ስላሉኝ፣ ወዲያውም ከኔ በቀር ለሥራው የሚበቃ እንደሌለ በፊርማዎ ስላረጋገጡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ደግነቱ አልቀጠሩኝም፤ ቢቀጥሩኝ ኖሮ ይህን ጊዜ እኔም የሰው እርምጃ እየቆጠርኩ ነበር። ወደፊትም ሐሳብ ሲያጥርዎ ወደ መጋዘኑ ጎራ ይበሉ፤ እኛ ዘንድ ለመግባት አራት ዙር የለም፣ ማንኳኳት ይበቃል።

ዕድሜና ጤና፣ ሰፊ ጆሮም ጨምሮ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ገና ካልበረደ ሳቅ ጋር፣

የመጋዘኑ ኃላፊ
(በእርስዎው ፊርማ)

ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሥራውን የነፈጉበኝ ደብዳቤ የሚጀምረው "ውድ አቶ" ብሎ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነበር። የዓይን ሐኪም ጥሩ አማካሪ ነው ይባላል፤ ያውም በአንድ ዙር ይጨርሳል።