የአንድ ሠርግ ፎቶ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ

ለክቡር የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ የደም ግፊትዎም እንደ ሥራ ፍጥነትዎ ዝቅ ያለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ እስካለፈው ሳምንት ድረስ የሶፍትዌር ማከማቻውን ሰርቨር ስጠብቅ የነበርኩት፣ በስብሰባ ላይ «ያቺ ልጅ» የሚሉኝ ባለሙያ ነኝ። የምጽፍልዎ ካዛወሩኝ የምድር ቤት ዕቃ ክፍል፣ ከተሰበሩ ኪቦርዶች መካከል ነው። ስለ ዝውውሩ አመሰግናለሁ፤ ኪቦርዶቹ ሰው ሲናገር አያቋርጡም።

ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢያን ልግለጽ። በመሥሪያ ቤታችን ዩኒክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ አዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት፣ ከማከማቻው ፕሮግራሞችን እየሳበ በራሱ ይጭናል። ምን እንደሚጭን፣ ማን ተብሎ እንደሚጠራ የሚነግረው አንድ የኮንፊገሬሽን ፋይል ነው። እሱ ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ፋይሉን አዘጋጅቼና ሞክሬ ካበቃሁ በኋላ፣ «ከኃላፊ ኮምፒውተር የተሻለ አርአያ የለም» ብለው የራስዎን ኮምፒውተር ቅንብር ከነስሙ፣ ከነአድራሻውና ከነስክሪን ፎቶው እንዳለ ስለገለበጡበት አመሰግናለሁ። አለቃ ለበታቹ አርአያ መሆን እንዳለበት አውቅ ነበር፤ የአለቃ ኮምፒውተርም እንደዚያው መሆኑን ግን ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም።

፪. በማግስቱ የደንበኞች አዳራሽ ኮምፒውተሮች በሙሉ የእርስዎን ስምና አድራሻ ይዘው ተነሡ። የሰፈር ቤቶች ሁሉ አንድ ቁጥር ቢለጠፍባቸው ፖስተኛው የሚሆነውን ኔትወርኩም ሆነ። ሰልፉ ከበር ውጭ ሲደርስ፣ ደንበኞች በየመስኮቱ ስክሪን ላይ በወጣው የልጅዎ የሠርግ ፎቶ ተጽናኑ። አንድ አዛውንት ሙሽራዋን መርቀው፣ ጉዳያቸው ሳይፈጸም ወደ ቤታቸው ሄደዋል።

፫. የአብዬን ወደ እምዬ እንዲሉ፣ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው «ፋይሉ የእሷ ነው፤ ትሰናበት» ብለው ጽፈዋል። ፋይሉ እርግጥ የእኔ ነበር። ሠርጉ ግን የእኔ አይደለም፤ እንኳን ልዳርበት አልተጠራሁበትም።

፬. ኮሚቴውን የሚመሩት እርስዎ መሆንዎን ስሰማ እፎይ አልኩ። ቢያንስ ጥፋተኛውን በቅርብ የሚያውቅ አንድ ሰው አለበት።

የምጠይቀው ትንሽ ነው፤ ክሱ በሠራተኛው ሁሉ ፊት እንደ ተነበበብኝ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይነሣልኝ። በኮሪደር በሹክሹክታ የሚሰጥ ይቅርታ ጆሮዬ አይሰማውም።

ለሥልጣንዎ ጎንበስ፣ ለክስዎ ግን ቀና ብዬ፣ ከማይጠፋ አክብሮት ጋር፣

ያቺ ልጅ
ከምድር ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የአዳራሹን ኮምፒውተሮች ከመዛወሬ በፊት አንድ በአንድ በእጄ አስተካክያለሁ። በማከማቻው ያለውን ፋይል ግን «ያለ ፊርማዬ ማንም እንዳይነካ» ስላሉ አልነካሁትም፤ እርስዎ እንዳስቀመጡት አለ። ለቦርድ አባላት የመጡት አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሰኞ ጠዋት ይከፈታሉ፤ ኮሚቴው በእኔ ላይ የሚሰበሰበው ማክሰኞ ነው። የቦርዱ ሰብሳቢ ሙሽራዋን ከኮሚቴው ቀድመው በየስክሪኑ ስለሚያዩዋት፣ እንኳን ደስ ያለዎት።