የማይተረተር ስፌት

ደንበኞቻቸው «እትዬ ሜትር» የሚሏቸው እህታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአራት ልጆች መካከል ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው አክስታቸው ዘንድ ስፌት ገቡ። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው አክስታቸው «ከእንግዲህ የማስተምርሽ የለኝም፤ ይልቅ ደንበኞቼን አትውሰጂብኝ» አሏቸው።

በ1968 ዓ.ም. ከጫማ መደብር በላይ ባለ ፎቅ ላይ የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። ታላቅ ወንድማቸው ከጎናቸው ልብስ ይተኩስ ነበር። ሜትሩ ከአንገታቸው አይወርድም፤ የሱቁን ቁልፍም እሱ ላይ ያስሩታል። በ1970 ዓ.ም. የአውቶቡስ ሾፌር አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ። ለሠርጋቸው የለበሱትን ቀሚስ ራሳቸው ሰፍተው፣ ለባለቤታቸው ሱሪ ግን ጊዜ አጥተው፣ ሙሽራው በሌላ ሰው ሱሪ ተዳረ። ይህ እስከ ዛሬ ይነሣባቸዋል።

በሠራተኛ ላይ አይጮሁም ነበር። የተበላሸ ሲያመጡላቸው «ጨርቅ ይቅር ባይ ነው፤ ተርትረሽ ስፊው» ይላሉ።

በ2012 ዓ.ም. ደረጃው መሐል መቆም ጀመሩ። አሥራ ሁለተኛው እርከን ላይ ቆመው ቦርሳቸውን ይበረብራሉ። ለምን እንደሚቆሙ ሲጠየቁ «ቁልፍ ጠፋብኝ» ይላሉ። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው። ወንድማቸው አይቶ ዝም አለ። በመጨረሻ መምህርት የሆነችው ትልቋ ልጃቸው እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው።

ሐኪሙ ለልብ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ውስጣቸው ስብ ይዞ መጥበባቸውን አስረዳቸው። ደረጃ ሲወጡ ደረታቸውን የሚጨመድዳቸው ልብ ሥራ ሲበዛበት ደሙ ስለማይበቃው ነው። ይኸው በሽታ ወደ አንጎል በሚሄዱት ሥሮች ላይ ሲሆን ስትሮክ ያመጣል አላቸው። እሳቸውም «ገባኝ። እጥፋቱ ጠቦ ላስቲኩ አላልፍ አለ ማለት ነው» አሉ። ሐኪሙ ሳቀ፤ መድኃኒቱ ግን ሳይቋረጥ በየቀኑ እንደሚወሰድ አስጠነቀቃቸው። ሁለት ዓመት ወሰዱ። ሕመሙ ሲተዋቸው «መድኃኒት የሚውጥ የታመመ ነው» ብለው ተዉት።

ባለፈው ኅዳር አንድ ቀን ረፋድ ላይ የተማሪ ቀሚስ ጠርዝ እየሰፉ ሳለ ስፌቱ ወደ ግራ ሄደ። በዚያ ሁሉ ዘመን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ወንድማቸው ቀና ሲል የከንፈራቸው አንዱ ጎን ወርዷል፤ መቀሱም ከእጃቸው ወደቀ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ተመለሰ። «ጋሼ፣ ለልጆቹ እንዳትነግር። ማሽኑ ነው» አሉት። እሺ አለ። የተጣመመውን ተርትሮ እንደገና ሰፋው። ምልክቱ እንዳይታይም በካውያ ደፈጠጠው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ እንደተደገፉ ወደቁ። ወዲያው ሐኪም ቤት ደረሱ፤ ጉዳቱ ግን ከባድ ነበር። ሐኪሙ «ከዚህ በፊት ምልክት አልነበረም?» ብሎ ጠየቀ። ወንድማቸው የሆነውን ሲነግረው፣ ያ ግማሽ ሰዓት ማስጠንቀቂያ እንደነበር፣ በዚያው ቀን ቢመጡ ብዙ ነገር ማድረግ ይቻል እንደነበር ተናገረ። ዘጠኝ ቀን ተኝተው ታኅሣሥ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ።

ወንድማቸው የሸሸገውን ለልጆቹ ነግሯቸዋል። ትንሿ ልጅ አላናገረችውም፤ ሻይ ግን ቀድታ ሰጠችው። ይህ እዚህ እንዲነበብ የፈቀዱትም ልጆቹ ናቸው። ደረጃ መሐል የሚቆም፣ ከንፈሩ የሚጣመም፣ ከእጁ ዕቃ የሚወድቅበት፣ አንደበቱ የሚተሳሰር ሰው ያያችሁ እንደሆነ፣ ቢያልፍለትም እንኳ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ይቆጣ። «አትንገር» ቢል ንገሩበት።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ቀርተዋል። አርባ ሰባት ዓመት የሰው ገላ ለክተው አንድም ሰው በመወፈሩ አላሳፈሩም። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በዚያው ልክ በርኅራኄ ይቀበልልን። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ወንድማቸውን ይቅር ይበሉት።