የሐሊሞ ስልክ ቁጥር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5
ሰርቨሩ ዛሬም ሞቶ ተነሳ። እኔም እንደዚያው። ግን ማስታወሻዬ፣ ደስ ይበልሽ፤ የሦስቱ ተቋማት ኮምፒውተሮች ተነጋገሩ! የቶጎጫሌ ጤ/ጣቢያ፣ እኛ ጅግጅጋ ያለነው ሆ/ል፣ ናሙና የሚመረምረው የሐረር ላብራቶሪ። እስከ ትናንት እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ነበሩ። የካንሰር ታካሚ ውጤቷን በፌስታል ይዛ በባቢሌ በኩል ስትመለስ ወረቀቱ መኪና ውስጥ ይቀራል፤ ሕክምናው እንደገና ከሀ ይጀመራል። አበቃ! ስም በየቦታው ሌላ ሌላ ስለሚጻፍ የታካሚዋን መረጃ የሚያገናኘው ስልክ ቁጥሯ ነው። ሐሳቡ የኔ ነው። ጎበዝ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6
የመጀመሪያዋ ባለ ዕድል፦ ከድራ፣ የቶጎጫሌ ሻይ ሻጭ። ጡቷ ላይ እብጠት። ከሐረር የመጣው ውጤት ስክሪኔ ላይ፦ ካንሰር አይደለም። ዶ/ሩ ነገራት። አልሐምዱሊላህ ብላ አለቀሰች፤ እኔንም መረቀችኝ። ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። ሥርዓቱን ወደ ሌሎች ከተሞች ለመውሰድ ሰኞ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ኃላፊዎች ይዩት እንግዲህ!

ዓርብ፣ ኅዳር 8፣ ጠዋት
የካንሰር ክፍሏ ነርስ ሲ/ር ሂቦ ቢሮዬ መጣች። ፊቷ ጥሩ አይደለም። የከድራን እብጠት በእጇ ዳስሳዋለች፤ ድንጋይ ነው፣ ውጤቱን አላምነውም አለች። የኔ ማሽን አይሳሳትም ብዬ ቀለድኩባት። ፋይሉን ከፈትኩላት፤ አብረን አነበብን። ከድራ አምና ጥር ላይ ወልዳለች። የካቲት ላይ ደግማ ወልዳለች። ሳቅኩ። ሂቦ አልሳቀችም። እኔም ተውኩት።

ከሰዓት
ቁጥሩ የሐሊሞ ነው። ሐሊሞ ቶጎጫሌ ጨርቅ ትነግዳለች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ስልክ ሲጠየቅ የሷን ይሰጣል፤ መልእክት የምታደርስላቸው እሷ ናት። ሂቦ እንደ ተራ ነገር ነው የነገረችኝ፤ የገዛ እናቷም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ናዝሬት ያደግኩት ሰውዬ ስልክ የአንድ ሰው ነው ብዬ! የሰፈሩን ሴቶች በሙሉ አንድ ሰው አድርጌያቸዋለሁ። ንጹሑ ውጤት እሷም ተመርምራ የነበረችው የሐሊሞ ነበር። የከድራ ከሥሩ ተደብቋል፦ ካንሰር ነው። ዶ/ሩ ቶሎ ከተቆረጠ ይድናል ይላል። ቶሎ! እኛ ግን ደህና ነሽ ብለን ሸኝተናታል። አፈርኩ። ፈራሁ።

ከቶጎጫሌ ጤ/ጣቢያ እንደነገሩን የከድራ ሻይ ቤት ዝግ ነው፤ በደስታዋ ድንበር ተሻግራ ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች። የማውቀው ስልክ አንድ ብቻ። ደወልኩ። ሐሊሞ አላንገራገረችም፤ አስፈልጌ ነገ ይዣት እመጣለሁ አለች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9
መጡ፣ አቧራ ለብሰው። ሂቦ በሶማልኛ ነገረቻት። ከድራ ወደኔ ዞራ፦ «ረቡዕ ደህና ነሽ፣ ዛሬ ታመሻል። ነገስ ምን ልትሉኝ ነው?»
ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት፤ አንቺንና ሐሊሞን አንድ ሰው አድርጌ መዘገብኩ። ሐሊሞ ወፍራም ወገቧን ይዛ አየችኝ፦ «እኔን ከዚች ቀጫጫ ጋር?» ከድራ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። ሂቦ አቀፈቻት። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ሐሙስ፣ ሐረር።

እሑድ፣ ኅዳር 10
ሸደር ካምፕ ስደተኛ ሲመዘግቡ የእናት ስም ይጠይቃሉ። ወሰድኩት። ከእንግዲህ መረጃ የሚገናኘው በራሷ ስም፣ በአባት፣ በአያትና በእናት ስም ነው፤ የስም አጻጻፍ ስለሚለያይ ደግሞ ነርስ ሳታረጋግጥ አይጋጠምም። ከሂቦ ጋር የተደባለቁትን ሴቶች አንድ በአንድ ለየናቸው። ሠራ! ኩራቴ ተመልሷል፣ ትንሽ ከስቶ።

ወስኛለሁ፤ ነገ ለኃላፊዎቹ መጀመሪያ የማሳያቸው ሁለቴ የወለደችውን ከድራን ነው። ሂቦ አታፍርም ወይ አለችኝ። አፍራለሁ። ግን ሐሊሞ የሌለችበት ከተማ የት አለ?

ከድራን ዛሬ እንደገና መዘገብኳት። የእናት ስም ነገረችኝ። ስልክ ስላት የሐሊሞን ሰጠች። ጻፍኩት፤ መልእክት አድራሽ በሚለው ቦታ።

ቆይ፣ ስልክ። ሐሊሞ ናት። ጎረቤቷ ያለች አንዲት ሴት ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታለች አለችኝ። መጀመሪያ የእናቷን ስም ጠየቅኩ።