«አልተባበረም» ስለተባሉት አባቴ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንጀትዎም ሰላም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ እርስዎ በሚመሩት ቤት አንጀትን ለማስመርመር በመጀመሪያ ፍጹም ጤነኛ መሆን ያስፈልጋልና።

አባቴ ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ደም እየፈሰሳቸው እናንተ ዘንድ ተኝተው ሳለ፣ ደሙ ከየት እንደሚመጣ አንጀታቸው በካሜራ እንዲታይ ታዘዘ። ለዚህም አንጀታቸው ባዶና ንጹሕ መሆን ነበረበት። ይህን ቀላል ነገር ላከበዱልን ሁሉ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ለወጥ ቤቱ። በምርመራው ጠዋት አባቴ ምንም እንዳይቀምሱ መታዘዙን ለወጥ ቤቱ የነገረ ስላልነበረ፣ ዳቦና እንቁላል መጣላቸው። ምግብ አዳዩዋ «ይብሉ እንጂ አባባ፣ ጉልበት ይሁንዎ» ብላ ስትለምናቸው፣ ሐኪሙ የላካት መስሏቸው በሉ። ምርመራው ተሰረዘ። ምግብ በሰዓቱ ደርሶ በማያውቅበት ቤት፣ ለዚያን ቀን የተደረገውን ልዩ ጥረት አንረሳውም።

2. ለመድኃኒቱ አሰጣጥ። አንጀት የሚያጥበው መድኃኒት ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ጠዋት ቢጠጣ ይሻል እንደነበር በኋላ ሰማን። አባቴ ግን ጨው ጨው የሚለው ውሃ በጆግ ተሞልቶ «ይጨርሱት» ተባሉ፤ በቃ።

3. ለመጸዳጃ ቤቱ። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ያልቅብኛል፤ ይቅር ይበሉኝ። ከአልጋቸው አጠገብ ያለው «ለሠራተኞች ብቻ» ተብሎ ተቆልፏል። የሕሙማኑ ያለው ኮሪደሩ ወዲያኛው ጫፍ ነው። ደም ያነሳቸው ሽማግሌ ግድግዳ እየደገፉ ሲሄዱ መንገድ ላይ አመለጣቸው። የሰው ልብስ ሲያሳምሩ የኖሩ ሰው በራሳቸው ልብስ አፈሩ። ከዚያ በኋላ ብርጭቆውን ከንፈራቸውን እያስነኩ ይመልሱት ጀመር። «ይብቃኝ ልጄ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አሉኝ። በማግስቱ ሐኪሙ አንጀታቸው አለመጽዳቱን አይቶ ካርዳቸው ላይ «በሽተኛው አልተባበረም» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን የተናደድኩት ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

4. ለሐኪሙ ጥያቄ። በሦስተኛው ሙከራ የተቆለፈው በር በተአምር ተከፍቶ ተገኘ። መድኃኒቱ ተጠጣ፤ ካሜራውም አየ። ያየው ዕጢ ነው፤ አድጓል። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «እስካሁን የት ነበራችሁ?» አለኝ።

እዚሁ ነበርን፣ ክቡር ሆይ። ከቢሮዎ ሥር፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ።

ለሚቀጥለው በሽተኛ ወጥ ቤቱን የሚያስጠነቅቅ አንድ ሰውና አንድ ክፍት በር እንዲያዙለት እለምናለሁ።

በቸኮሉበት ሰዓት ሁሉ በር የማይቆለፍብዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

«ያልተባበሩት» ልብስ ሰፊ ልጅ

ማስታወሻ፦ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ማን እንደሰበረ የሚያጣራ ኮሚቴ በነጋታው ተቋቁሞ፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መጥቶ ጠይቆኛል፤ መዶሻው የእኔ መሆኑን አልካድኩም። ከሰዓት በኋላ በሩ አዲስ ቁልፍ ተገጠመለት። ለካስ ሆስፒታሉ ሲፈልግ መፍጠን ያውቅበታል።