ያልተቆጣው ሞተር

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽስ እንዴት ነው? ያ የልብስ ስፌት መኪና ዛሬም እንዳጎበጠሽ ነው ወይስ እንደመከርኩሽ ወንበሩን ከፍ አደረግሽው? የእማዬ ዓይን፣ የአባባ ጉልበት፣ የጋሼ ሳል፣ የሚስቱ ራስ ምታት እንዴት ሰነበተ? ልጃቸው ድንቡሼስ ጥርስ አወጣች? እኔ እንደሆንኩ ሰውነቴ ደኅና ነው፤ ናፍቆታችሁም ደኅና ነው፣ እሱ መቼ ታሞ ያውቃል!

ልብሽ ተሰቅሎ እንዳታነቢ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ከሥራ አልወጣሁም። ሻንጣዬም ተመልሶ አልጋ ሥር ገብቷል። ባለፈው ደብዳቤዬ ምናልባት በቅርቡ በር ላይ ታዩኝ ይሆናል ብዬ ጽፌ ሁላችሁንም እንዳስጨነቅኋችሁ አውቃለሁ። እማዬ እንቅልፍ እንዳጣች ጋሼ ነግሮኛል። አንቺም ካልፈለጉህ ና፣ ከመኪናዬ አጠገብ መቀመጫ አለልህ ብለሽ የጻፍሽልኝን ሳነብ እንባዬ መጥቶ ነበር። አሁን እፎይ በሉ። እኔም እፎይ ብያለሁ። እንዴት እንደዳንኩ ግን ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ እያነበብሽ ጨርቅ እንዳትቆርጪ፣ ኋላ የሰው ሱሪ አንድ እግሩ ያጥራል።

ሞት ይርሳኝ፣ የላካችሁት የቤተሰብ ፎቶም ደርሶኛል። አባባ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እማዬ ድንቡሼን ታቅፋ፣ ጋሼና ሚስቱ ከኋላ ቆመው። አንቺን ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት እጅሽን ብቻ ነው፤ ከመጋረጃው ጠርዝ ላይ ጣቶችሽ ይታያሉ። መርፌ እንዳይወጋሽ የምታጠልቂያትን ብረት አይቼ ነው ያወቅሁሽ። ይህን ነገር የተውኩት እንዳይመስልሽ፤ እመለስበታለሁ።

እማዬ ዛሬም ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ሞተር ይሠራል እያለች እንደምታወራ አውቃለሁ። እውነቱን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ የምሠራው የሞተር መልክ ነው። ብረቱና ፕላስቲኩ ከመቆረጡ በፊት፣ አዲሱ ሞተር ሳይክል ምን እንደሚመስል በትክክለኛ ልኩ፣ በእንጨት አጥንት ላይ በሸክላ እንቀርጸዋለን። ሸክላው እንደ ሰም ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። መጀመሪያ የምንቀርጸው ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው። መሐሉ ላይ መስታወት እናቆምና የቀረውን ግማሽ መስታወቱ ይጨርስልናል። ስለዚህ እኔ ስንት ወር ሙሉ ከአንድ ዓይን ጋር ተፋጥጬ ነው የከረምኩት።

አለቃችን፣ ሥዕሉን በወረቀት የሚነድፉት እሳቸው ናቸው፣ ከዚህ ሞተር የፈለጉት አንድ ነገር ነበር። የእሽቅድምድም ሞተር ስለሆነ ፊቱ እንዲቆጣ። የዛሬ ሞተሮች ሁሉ ፊታቸው ቁጡ ነው፤ መብራታቸው እንደ ቢላዋ ሾሎ፣ ቅንድባቸው ወርዶ፣ ዞር በል የሚሉ ይመስላሉ። እኔም ላስቆጣው ያላደረግኩት የለም። ቅንድቡን ባወርደው፣ ዓይኑን ባሾለው፣ ጉንጩን ባከሳው፣ ማታ ተቆጥቶ ትቼው የሄድኩት ሞተር ጠዋት ስመጣ ረጋ ብሎ ያየኛል። አለቃችን መነጽራቸውን አውልቀው ያዩትና፣ መልሰው አጥልቀው ያዩትና፣ አሁንም አልተቆጣም ብለው ይሄዳሉ። እኔ ራሴ ተቆጥቼ ልሞት ነበር፣ እሱ እቴ!

በመጨረሻ ሲሰለቻቸው እንግዲያውስ የሚነዱት ይፍረዱ ብለው የሞተር ወዳጆች ማኅበርን ጠሩ። ሰዎቹ ፊቱን ከጠሉት ሥራው ለሌላ ድርጅት ይሰጣል፤ የኛ የሸክላ ክፍል ይዘጋል፤ የኔም ውል እዚያው ያበቃል። ውል ከሌለ ደግሞ በዚህ በሰው አገር የመኖሪያ ፈቃድ የለም። ያን የጨለመ ደብዳቤ የጻፍኩላችሁ ይህን በሰማሁ ቀን ነው። ቀለም ቀቢው ባልደረባዬ አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ሞተር ነጂ ሳይጠየቅም ዝም ብሎ አያውቅ፣ ተጠይቆማ ምን ሊል ነው ብሎ ራሱን ይዞ ነበር። አለቃችንም ልባቸው ግማሽ ነው መሰለኝ፣ እንዳያማህ ጥራው እንዳይበላ ግፋው እንደሚባለው በሥራ ቀን ጠዋት ነው የጠሯቸው። ያውም ዝናብ ይዘንባል። እኔም ማን ይመጣል ብዬ ትንሽ ተጽናንቼ ነበር።

መጡ። አይ አመጣጥ! ግቢው በሞተር ድምፅ ተናጋ። ሄልሜታቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ ዝናቡ ከጃኬታቸው እየተንጠባጠበ አዳራሹን ሞሉት። ሞተሩ መሐል ላይ፣ ከፍ ባለ መድረክ ላይ ተሸፍኖ ቆሟል። ሁለቱም ጎኑ ተሟልቶ፣ ሸክላው ብርማ ቀለም ተቀብቶ ሲያዩት ተነስቶ የሚሄድ ነው የሚመስለው። አለቃችን ጨርቁን ሲገፍፉት አንድ ሰው እንኳን አላጨበጨበም። የልጇን እጮኛ መጀመሪያ ቀን የምታይ እናት አይተሽ ታውቂ የለ? ልክ እንደዚያ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይዞሩታል፣ ቁጢጥ ብለው ከሥር ያዩታል፣ ከዚያ አንዱ ሌላውን በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል።

ከዚያ አፋቸው ተከፈተ። አንዱ ጅራቱን አይቶ፣ ይሄ እዚህ ጋ ያለቀው አስባችሁበት ነው ወይስ ሸክላ አልቆባችሁ ነው አለ። ሌላዋ የኋላ መቀመጫውን አይታ ሰው ነው ወይስ ድመት ነው የሚቀመጥበት ብላ ጠየቀች። ከመሐላቸው አንድ የጥርስ ሐኪም አለ፤ ሦስት ሞተር አለው፣ ሦስቱንም ከሚስቱ እኩል ይወዳቸዋል እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ነዳጅ መያዣውን ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ ይሄ ጉንጭ መግል ይዟል፣ ዛሬውኑ መነቀል ያለበት ጥርስ አለ ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀው። ጡረታ የወጡ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ደግሞ የድሮ ሞተር ዓይኑ ክብ ነበር፣ ደግ ነበር፣ እናንተ ልጆች ሁሉን ነገር አሾላችሁት ሲሉ፣ አንድ ጎረምሳ እንዲያውም አልሾለም ብሎ ሞገታቸው። ባይገርምሽ ሞተሩን ረስተው እርስ በርስ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም።

ፊቱ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ተስማሙ፣ ያውም በመጥላት። አንዱ አሁን ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ይመስላል አለ። ሌላው የለም፣ ንቆን ነው፣ አገጩን ሰቅሎ በአፍንጫው እያየን ነው አለ። አንዷ ደግሞ እኔ መታወቂያ አምጡ የሚል ዘበኛ ነው የመሰለኝ አለች። አለቃችን መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጠለቁ፣ አወለቁ። እኔ ጥግ ላይ የሸክላ መፋቂያዬን እንደያዝኩ በልቤ ሻንጣዬን መሸከፍ ጀመርኩ፤ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ካልሲዬን ሁሉ አስገብቼ ነበር።

ነገሩን የለወጠችው አንዲት ዳቦ አከፋፋይ ናት። ማለዳ ማለዳ በሞተር ለየሱቁ ዳቦ ታደርሳለች፤ ጓደኞቿ ነፋስ ይሏታል። እስከዚያ ድረስ የቀረበውን ሻይ ስትጠጣ ነበር። ብርጭቆዋን አስቀመጠችና፣ ለመሆኑ ለምን ሰቀላችሁት፣ ሐውልት ነው እንዴ አለች። እኔ ሞተር የማየው ሱቅ በር ላይ፣ መሬት ላይ፣ በጎኑ ዘንበል ብሎ፣ መሪው ዞሮ ነው፤ አውርዱትና ልየው አለች። እኛ እርስ በርስ ተያየን። ለካ ከመሐላችን ይህን ሞተር መሬት ላይ ያየው ሰው የለም! ስንቀርጸው በጠረጴዛ ላይ፣ ስናየው በመድረክ ላይ። ዘንበል ብሎ የሚቆምበትን የጎን እግር እንኳን መስመሩን ያበላሻል ተብሎ ሳንሠራለት ቀርተናል፤ ቦታውን በሸክላ የደፈንኩት ራሴ ነኝ። እግር የሌለው ፍጥረት ሠርተን ስለ ፊቱ ስንጨነቅ መክረማችን ነው።

አለቃችን ይሰበራል ብለው ትንሽ አመነቱ፤ ነጂዎቹ ግን እስኪፈቀድላቸው አልጠበቁም፣ ተጋግዘው አወረዱት። እግር ስለሌለው ደግሞ አንድ ሰው ደግፎ መያዝ ነበረበት። ማን ይያዘው? እኔ ነኛ! በግራ ጎኑ ተንበርክኬ፣ ትከሻዬን ከሥሩ አስገብቼ፣ ዘንበል አድርጌ ያዝኩት። እታለም፣ ክብደቱ አይነገርም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ የጣሪያው መብራት ፊት ለፊት ያፈጥብኛል። ዓይኔን አጥብቤ፣ ቅንድቤን ሰብስቤ፣ አንገቴን አዘንብዬ፣ ፊቴ ከሞተሩ ፊት ጎን ለጎን ሆኖ ቀረሁ።

ነጂዎቹ መንገድ ላይ እንደለመዱት ቆመው፣ ከላይ ወደ ታች አዩት። ከዚያ ነፋስ ሳቋን ለቀቀችው። ኧረ እዩዋቸው፣ ወንድማማቾች እኮ ናቸው አለች። የጥርስ ሐኪሙ ጠጋ ብሎ እኔን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ደግሞ እኔን አየና መንታ ናቸው ብሎ ፈረደ። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ! ቀለም ቀቢው ግድግዳ ተደግፎ ነው የሳቀው፤ ወዳጅ ተብዬው። ምን ይዋጠኝ? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ብትከፈትስ ሞተሩን ለማን ልተወው?

ሳቁ በረድ ሲል ሹፌሩ ተጠጉ። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩትና፣ ይሄ አልተቆጣም አሉ። እንቅልፉም አልመጣ፣ እኛንም አልናቀ፣ መንገድ ነው የሚያየው አሉ። ዕድሜዬን ሙሉ በስፖኪዮዬ ስንቱ ሞተር ከኋላዬ ሲመጣ አይቻለሁ፤ ሁሉም ዞር በል ይለኛል፤ ይሄኛው ግን የት ጋ እንደሚያልፍ አስቀድሞ ያየ ነው፣ ከኋላዬ ቢመጣ አልፈራውም አሉ። ከዚህ በኋላ ክብደቱ አልተሰማኝም ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ ትከሻዬን እስካሁን ያመኛል። ግን ሆዴ ባባ፣ እዚያው እንደተንበረከክሁ።

ሁሉም ወደደው እያልኩሽ አይደለም። ጎረምሳው እኔ የምፈልገው ሰው የሚያስፈራ ሞተር ነው ብሎ አኮረፈ። ሐኪሙም በጉንጩ ላይ የሰጠውን ፍርድ አላነሳም፤ ጅራቱንማ አንድም ያዘነለት የለም። ነፋስ ራሷ ፊቱስ ይሁን፣ ቀለሙ ግን የድስት ክዳን ነው ብላ ሄልሜቷን አጠለቀች። ዝናቡ ካባራ በኋላም ግቢው ውስጥ ሞተራቸው ላይ ተቀምጠው ሲሟገቱ ነበር። እንደኔ እንደኔ፣ የመጡት ሞተሩን ሊያዩ ሳይሆን ሊሟገቱበት ነው፤ ሲሄዱም ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት።

አለቃችን ሁሉም ከወጣ በኋላ እኔንና ሞተሩን ትክ ብለው አዩን። ከዚያ ፊቱ እንዳለ ይቀመጥ፣ ጅራቱ ይፍረስ፣ እግር ይሠራለት አሉ። እኔንም ፊትህን ስላዋስከን እናመሰግናለን፣ ውልህን ነገ መጥተህ አድስ አሉኝ። እታለም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ፈገግ እያልኩ ሰላም ስል ሰዎቹ ኪሳቸውን ይዳብሱ ነበር።

አሁን ወደ መጋረጃው ልመለስ። በማግሥቱ ጠዋት ጺሜን ስላጭ መንታ ናቸው ያሉኝ ትዝ አለኝና መስታወቱ ፊት ያንን ፊት ልሠራው ሞከርኩ። ዓይኔን ጠበብ፣ ቅንድቤን ሰብሰብ፣ አንገቴን ዘንበል። መጣ። ግን የኔ አልነበረም። ምላጩን አስቀመጥኩት። ያንቺ ነው፣ እታለም። መርፌ ውስጥ ክር ስታስገቢ የምታደርጊው ነው። ከጎንሽ ተቀምጬ ቁርጥራጭ ጨርቅ ስለቅም ስንቴ አይቼዋለሁ! እጄ ለካ እሱን ሲቀርጽ ነው የከረመው፤ እኔ ቁጣ ስለምነው እሱ አንቺን ያመጣልኛል።

ያ ፊት ስንት ነገር እንዳሰማሽ ደግሞ አውቃለሁ። ልብስ ሊያሰፋ የመጣው ሁሉ ምነው ተቆጣሽ ይልሽ ነበር። ያቺ ጎረቤታችን፣ እግዜር ይይላት፣ የዚች ልጅ ፊት አይፈታም ብላ በሰው መሐል ስትናገር አንገትሽን ደፍተሽ መስፋትሽን ቀጠልሽ። ከዚያ ወዲህ ካሜራ በታየ ቁጥር ወይ ሻይ ልታፈዪ ትነሺያለሽ፣ ወይ ከሰው ትከሻ ኋላ ትገቢያለሽ፣ ዘንድሮ ደግሞ መጋረጃ። እኔ ጋ ያለው ፎቶ ሁሉ ቢሰበሰብ አንቺ ከጆሮና ከእጅ አታልፊም። ለሰዎቹ ምን ብዬ መመለስ እንደነበረብኝ አላውቅም ነበር፤ እልህ ብቻ ይይዘኝ ነበር። አሁን መልሱን አንድ የማያውቁሽ ሹፌር ሰጡኝ። አልተቆጣችም፤ እያየች ነው።

እንግዲህ ለአባባ ጉልበቱን ከብርድ እንዲጠብቅ ንገሪልኝ፤ እጁንም ሳሚልኝ። ለእማዬ ሻንጣው አልጋ ሥር ነው፣ እሷም ትተኛ በያት። ለጋሼ ይህን ሰምቶ ሞተር ልግዛ ብሎ ሚስቱን እንዳያስቸግር፤ ለሚስቱም እሺ እንዳትለው። ድንቡሼን ጉንጯን ስሚልኝ፤ መግል የለበትም። ከደብዳቤው ጋር የሞተሩን ፎቶ ልኬያለሁ፣ መሬት ላይ ሆኖ የተነሳውን። ምንም ሳትነግሪያት ለእማዬ አሳዪያትና ማንን ነው የሚመስለው በያት።

ያንቺን ሰላምታ ግን ይዤዋለሁ፤ ፎቶሽ ሲደርሰኝ እለቅልሻለሁ። ከመጋረጃው ወጥተሽ። ሳቂ አልልሽም። መርፌና ክር ያዢ፣ ቀና በይ፣ ልክ እንደዚያ እዪኝ። ምስማሩን ከአልጋዬ በላይ መትቼ ጨርሻለሁ።

በፊትሽ ሥራውን ያተረፈው ታናሽ ወንድምሽ

ከወርክሾፑ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣
መጋቢት ፲፪ ቀን