አርባ ሁለት ሊትር

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ቤንዚን ጨመረ። ደግሞ! ጠዋት ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ማደያ ተሰለፍኩ። ከፊቴ አስራ ዘጠኝ መኪና። ቀጂዋ ልጅ "ሙሉ ላርገው?" አለችኝ። ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። አስር ሊትር አስቀዳሁ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አመለጠኝ። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ ቢሯቸው ገቡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚህ ልጄ ሚጣ እስካለችበት ከተማ ሰማንያ ኪሎ ሜትር። ደርሶ መልስ መቶ ስልሳ። አሮጊቷ መኪናዬ በአንድ ሊትር አስር ትሄዳለች፤ ስለዚህ በየቅዳሜው አስራ ስድስት ሊትር። ከተፋታን ዓመት ሆነን። እናቷ ልጃችንን ይዛ ወደ ወላጆቿ ስትሄድ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፦ "ቅዳሜ ያንተ ነው። ብቻ እመጣለሁ ብለህ እንዳትቀርባት።"

አንድም ቀን አልቀረሁም። በአዲሱ ዋጋ ግን የደሞዜ ግማሽ መንገድ ላይ ሊቃጠል ነው። አውቶቡስ? አምስት ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ የመጨረሻው ሰባት ሰዓት ላይ ይመለሳል። እንደ እስረኛ ጠያቂ ሁለት ሰዓት አይቻት ልመለስ? መላ አይጠፋም። የሒሳብ አስተማሪ አይደለሁ እንዴ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

ቁልቁለቱን በሙሉ በፎሌ ወረድኩ። ማርሹን አውጥቼ፣ እግሬን ከነዳጁ ላይ አንስቼ... ከኋላዬ የነበረው የጭነት መኪና ጥሩምባውን አቀለጠው። ይንፋ።

ሚጣን ሐይቁ ዳር ወሰድኳት። ስንመለስ ፎሌውን ለእሷም አሳየኋት። "አባ፣ መኪናዋ ተኛች እንዴ?" ብላ ሳቀች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሳቋ ግን ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳቅ ነው። ሁሉን አስረዳኋት... አንድ ሊትር ስንት እንደሚያስኬድ፣ ፍሬን ማብዛት ለምን ነዳጅ እንደሚበላ። ጥሩ ታዳምጣለች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ጎረቤቴ መካኒኩ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት። ሰፈሩ ሁሉ ቡሎን ነው የሚለው፤ እሱም አይከፋውም። "ጎማህ አየር አንሶታል፣ ካንዴላህ አርጅቷል። ደግሞ ይሄን ሁሉ ጓዝ ምን ተሸክመህ ትዞራለህ? ክብደት ነው ነዳጅ የሚጠጣው።"

"ምን ላውጣ?"

"ከራስህ ብትጀምር" አለና ሆዴን አየ።

የጣሪያውን ብረት ፈታን። የመሣሪያ ሳጥኑ ወረደ። መጨረሻ ላይ የኋላውን ወንበር ነቅለን ሳሎን አስገባነው። ማን ይቀመጥበታል? ሚጣ እንደሆነች ሁልጊዜ ከፊት ነች። እራቴን እሱ ላይ ተቀምጬ በላሁ። ምቹ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

አስራ አራት ሊትር! ሁለት ሊትር ተረፈኝ። መንገዱን ሙሉ ሳፏጭ ሄድኩ።

ሚጣ በራቸው ላይ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ቆማ ጠበቀችኝ። ሁለቱም ፀጉራቸውን በአንድ ዓይነት ሪባን አስረዋል። "አባ፣ ዛሬ እሷም ሐይቁ ጋ ትሄዳለች። ነግሬያታለሁ።" ብላ የኋላውን በር ከፈተችው። ባዶ ላሜራ...

"ወንበሩስ?"

"ነዳጅ ለመቆጠብ ነው" አልኩ። ይሄ ለልጅ የሚነገር ነገር ነው? ጓደኛዋ "ግድ የለም፣ እኔም እናቴ ትፈልገኛለች" ብላ ሄደች። ከዕድሜዋ በላይ ጨዋ ነች። ሚጣ ልጅቷ እስክትታጠፍ ድረስ በሩን እንደያዘች ቀረች።

ሐይቁ ጋ አልሄድንም። ሞተሩን አጥፍቼ፣ እዚያው በራቸው ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ብስኩት በላን። ያው መገናኘቱ ነው ዋናው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

በር ላይ። ብስኩት። "ዛሬስ አንሄድም?" አለችኝ። በሚቀጥለው አልኳት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1

እንደ ባለፈው። አልጠየቀችም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ማደያው ሁሉ "የለም"። ሦስት ቦታ ዞርኩ... ፍለጋው ራሱ ስንት ጠጣ! በመጨረሻ መንገድ ዳር በጄሪካን ከሚሸጥ ሰውዬ አስራ አምስት ሊትር ገዛሁ። ዋጋው ከማደያውም ይቀንሳል። ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ።

ቡሎን ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው። "ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል። ይሄ ለምድጃ ነው ለመኪና? ድፋው፣ መምህር።"

ልድፋው? ይሄን ደፋሁ ማለት ቅዳሜን ደፋሁ ማለት ነው። ሌላ የለኝም። መኪናዋ ውስጥ ጨመርኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

መኪናዋ ዳገቱ መሃል አሳላት፣ አሳላትና ቆመች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ስልኩ መስመር የለውም። አላፊው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋብኝ ያልፋል። ከቀትር በኋላ አንድ የጭነት መኪና በገመድ ጎትቶ ታች መንደር አደረሰኝ፤ እዚያ ያገኘሁት መካኒክ የነዳጅ ጋኑን ሲያራግፍ፣ ካርቡራተሩን ሲያጥብ፣ ንጹሕ ቤንዚን ሲያፈላልግልኝ... ሚጣ ቤት ስደርስ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል።

እናቷ ከፈተችልኝ። አልጮኸችም። "ከጠዋት ጀምሮ ጫማዋን አላወለቀችም" አለችኝ። "አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለች ምሳ እንኳ አልበላችም።"

"መኪናው..."

"አውቃለሁ። ሁልጊዜ መኪናው ነው።"

ሶፋው ላይ ከነጫማዋ ተኝታለች። ልቀሰቅሳት እጄን ዘርግቼ ተውኩት። እጄ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አጠገቧ ትንሽ ተቀምጬ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። እዚህም ካልጻፍኩት ለማን ልነግረው ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ቡሎን ፓምፑን ቀየረ፣ ካንዴላዎቹንም። በፎሌውም፣ ወንበሩን በመንቀሉም ያተረፍኩት ሁሉ ባንድ ከሰዓት ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች... ቡሎን "ነግሬህ ነበር" እንኳ አላለኝም። አሳዝኜው ነው መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ይቅርታ ጠየቅኳት። "ምንም አይደል፣ አባ" አለችኝ። እንደ ትልቅ ሰው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22

መኪናው ውስጥ፣ በራቸው ላይ። ዝናብ ነበር። ብስኩቱን ሳትከፍት እጇ ላይ ታገላብጠዋለች።

"አባ፣ የሒሳብ ጥያቄ ልጠይቅህ?"

ደስ አለኝ! የኔ ልጅ ናት እኮ። "ጠይቂኝ።"

"አንድ ቅዳሜ ለመምጣት አስራ አራት ሊትር ነው አይደል? በወር አራት ቅዳሜ ቢኖር፣ ሦስቱን ብትቀርስ ስንት ይተርፋል?"

"እስኪ አንቺ አስቢው" አልኳት። የአስተማሪ አመል። በጣቷ መስኮቱ ላይ፣ ጉሙ ላይ ጻፈች። አንዱን ወደ ላይ አስቀመጠች፣ ሦስትን ደመረችበት...

"አርባ ሁለት።"

"ትክክል!" አልኩ። አጨበጨብኩም። እንደ ጅል አጨበጨብኩ!

"እንግዲያው በወር አንዴ ና" አለችኝ። "እማዬ አይደለችም ያለችኝ። ራሴ ነው ያሰብኩት።"

አይሆንም እንዳልላት መልሱን አስቀድሜ ትክክል ብያለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 23

እንቅልፍ የለም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከልጄ ጋር ምን አወራሁ? ሊትር። ፎሌ። የማደያ ሰልፍ። ስለ ትምህርቷ ጠይቄያት አውቃለሁ? የጓደኛዋን ስም እንኳ አላውቅም። እሷን ለማየት ብዬ ነበር ያ ሁሉ ቁጠባ... እሷ የሰማችው ግን ስንት እንደምታስወጣኝ ነው። በየቅዳሜው፣ በደንብ አድርጌ፣ በምሳሌ አስደግፌ አስተማርኳት።

ማታ እናቷ ጋ ደወልኩ። "እኔ አላልኳትም" አለች። "በልጅቷ እምላለሁ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስትደምር ስትቀንስ አይቻታለሁ፤ የቤት ሥራ መስሎኝ ነበር።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ቡሎን "ለቅዳሜ ዘይቷን ልይልህ?" አለኝ። አልሄድም አልኩት። የተናገርኩትን ጆሮዬ ሲሰማው ገና ያን ጊዜ እውነት ሆነብኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

እንደ ልማዴ በሌሊት ነቃሁ። ለብሼ ጨረስኩ፣ ቁልፉን ይዤ እስከ በሩ ሄድኩ። የነዳጅ መርፌው ታች ወድቋል። ትናንት ማደያ አልሄድኩም፤ ምን ላድርግ ብዬ ልሂድ? የፈተና ወረቀት ላርም ብዬ ሦስት ወረቀት አርሜ ተውኩት።

አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ሚጣ።

"አባ፣ ለመንገድ አልተነሳህም አይደል?"

"አልተነሳሁም፣ የኔ እናት። ቤት ነኝ።"

"ጎበዝ" አለችኝ።

ከጀርባዋ መኪና ሲያልፍ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ሌላ። ቤት ውስጥ አልነበረችም። በራቸው ላይ ቆማ ነው የደወለችው።