ላሚኔት የተደረገው ዲፕሎማዬ

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ያስጮኽሻል? ልጆቹስ? የአባባ ዓይንስ? መነጽሩን ያደርጋል ወይስ እንደ ልማዱ ኪሱ ውስጥ ከቶ አንብቡልኝ እያለ ሰው ይጠራል? እኔ በጤና በኩል ደህና ነኝ። የቀረውን ግን እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም።

በስልክ ያሳየሁሽ፣ የማስታምማት ባልቴት፣ ፀጉሯን ሳበጥር ስንት ወር ሙሉ የስፓኒሽ ቃል ስታስጠናኝ ከረመች። የገበያውን አይደለም፣ የቢሮውን። ዲፕሎማ «ቲቱሎ»፣ ማኅተም «ሴዮ»፣ ዋናው ወረቀት «ኦሪሂናል»። ፊርማ ግን ያው የኛው ፊርማ ነው፤ ይህን ስሰማ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ ብሎኝ ብስቅ፣ አበደች ብላ ማበጠሪያውን ቀማችኝ። ቃላቱን ጽፌ ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ለጥፌ፣ ሳህን ሳጥብም እነሱን ነበር የምለፈልፈው። የአዋላጅነት ዲፕሎማዬ እዚህ ከጸደቀልኝ ወደ ማዋለጃ ክፍል ልመለስ፣ እጄ የለመደውን ሥራ ልሠራ ነበር ሐሳቤ።

ማክሰኞ ቀጠሮዬ ደርሶ ዲፕሎማ ወደሚያጸድቀው ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችውን ጸሐፊ ያለ አስተርጓሚ አናገርኳት፤ አንድም ቃል አልጠፋኝም። ዲፕሎማውን ተቀብላ አገላበጠችው፣ ጠርዙን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችና «ፕላስቲፊካዶ» አለች። ይህን ቃል ማንም አላስተማረኝም፤ ግን ገባኝ። ማኅተሙ የሚመታው ወረቀቱ ላይ ስለሆነ በፕላስቲክ የታሸገ አይቀበሉም። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ፕላስቲኩን አንሡልኝ ብል፣ ቀለሙም አብሮ ይነሣል አሉኝ። ሌላ እንዳላወጣ ኮሌጁ ከተዘጋ ቆየ፤ መዝገቡ የት እንደገባ የሚያውቅ እንደሌለ አንቺው ስንት ቦታ ዞረሽ ነግረሽኛል።

እታለም፣ ተስፋ ቆርጫለሁ። እንዲህ ብዬ ጽፌልሽ አላውቅም። ዛሬ ባልቴቷ እንደ ልማዷ ቃል ስትጠይቀኝ «ዛሬ ይቅር» ብዬ አበጠርኳት። የለጠፍኩትንም ወረቀት አነሣሁት።

ለአባባ እንዳትነግሪው፣ አደራ። የሱን የስምንተኛ ክፍል ካርድ አይጥ ስለበላበት አይደል፣ በተመረቅሁ ማግስት እየሮጠ ሄዶ ላሚኔት ያስደረገልኝ? ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ «ከእንግዲህ ውሃ አይነካውም!» ያለው አሁንም ይታየኛል። ከዚህ ሁሉ ያንን ነው ማሰብ የከበደኝ።

ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ስልክ ላይ እንደ እረኛ መጮኹን ይተው። ትልቋ ልጅሽ ስለ ትምህርቷ ትጻፍልኝ፤ የትንሹን ጉንጭ እስኪያለቅስ ሳሚልኝ። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ስለ ዲፕሎማው ከጠየቀሽ፣ እስካሁን ጠብታ ውሃ አልነካውም በይው። ይኼ እውነት ነው።

ታናሽ እህትሽ
ከባልቴቷ ወጥ ቤት፣ ጥቅምት 9 ቀን